ሮዴል፣ መዶሻውና የአዴ ደብሪቱ ውለታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ከዚያ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ አርማታ ላይ ሲያስጠጉት ውስጡን የሚመረምር መሣሪያ ከሻንጣው አውጥቶ አሳየኝ። «ጋሽ ይመር፣ እንግዲህ የእርስዎ ጆሮም አብሮ ጡረታ ወጣ» አለኝ። ተሳሳቅን። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ግን ባትሪው ያለቀ ጊዜ ለማን እንደሚደውሉ አውቃለሁ። ደውለውልኛልም።

ከአኖ እስከ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴም በዲጋ በኩል ወደ ጊምቢ በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው የእኔን ጆሮ አምኖ ሄዷል። አርማታን በመዶሻ እመታና ድምፁን ሰምቼ ይህ ሞልቷል፣ ይህ ባዶ ነው እላለሁ። የሞላው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ መዶሻውን ወደ እጅ ይመልሰዋል። ባዶው ግን እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ያጉረመርማል። ኮሌጅ አልተማርሁም። ገብቻለሁ ከተባለም የገባሁት ሕንፃው ሲሠራ ምሰሶውን ልፈትሽ ነው።

የሥራ ዘመንህን ጻፍ ያሉኝ ልጆቼ ናቸው። ስለ ደመወዝና ስለ ደረጃ ዕድገት ግን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ደስ ይበላቸው፤ ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ማመልከቻው ብዙ፤ በቃ። የምጽፈው ስለ አንድ የድልድይ ምሰሶ፣ ምሰሶውንም ስለተቀበለው ወይም ስላልተቀበለው አንድ የፊሊፒንስ ሰው ነው።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ጉቶ ጊዳ ገጠር የሰፈረ ገበሬ ነበር። ቤት ውስጥ በወሎ አማርኛ፣ ደጅ በኦሮምኛ አደግሁ። ሥራ የጀመርሁት አኖ ላይ ጠጠር በመሸከም ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የተማርሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከፍቅር ደብዳቤ በፊት «ከእርጥበት ይጠበቅ» የሚለውን አውቄአለሁ። የአኖው አለቃዬ ከስድብ በቀር ያስተማረኝ የለም። የጊምቢው ደግሞ ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ሰነፍ። ሥራውን ሁሉ ለእኔ ስለሚተውልኝ ሁሉንም ተማርሁ። እግዜር ይስጠው።

የፊሊፒንሱ ሰው ሮዴል የመጣው ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ነው። የሥራ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኖ ነቀምቴ ሲገባ እኔ የእሱ የጥራት መርማሪ ተባልሁ። በዕድሜ እበልጠዋለሁ። «ኩያ ይመር» ይለኛል፤ በአገሩ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። የታላቅን ሰው ስም ባዶውን መጥራት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። አማርኛ ሲማርም «እርስዎ» የሚለውን ቃል አግኝቶ ደስ አለው፤ ከዚያ ወዲያ «አንተ» ማለት አልቻለም። ለቀን ሠራተኛው «እርስዎ» ነው፤ አሸዋ የጫነውን አህያ ሳይቀር «እባክዎ፣ ይሂዱ» ይለዋል።

ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት «ቻይና! ቻይና!» ይሉታል። ከኦሮምኛ መጀመሪያ የተማራት «ሚቲ» የምትለዋን ነው፤ አይደለም ማለት ናት። «ቻይና ሚቲ! ፊሊፒንስ!» ብሎ ይመልሳል። በማግስቱ ልጆቹ «ፊሊፒንስ ሚቲ!» እያሉ ተከተሉት። እሱ ደግሞ ቃሏን ወደ ሥራ አመጣት። ጭቃ ያለበት አሸዋ ሲያይ «ሚቲ!» ይላል፤ የዛገ ፌሮ ሲያይ «ሚቲ!» ይላል። ሠራተኛው ኦቦ ሚቲ፣ አቶ አይደለም፣ ብሎ ሰየመው።

የሚጠቁመው በጣቱ ሳይሆን በከንፈሩ ነበር። መጀመሪያ ቀን ወደ ሚክሰሩ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ሲያሳይ አንዲት ሠራተኛ «ወይ ጉድ! ይህ ሰውዬ ማንን ሊስም ነው?» ብላ ሳቅ በሳቅ አደረገችን። ቅንድብን ከፍ አድርጎ እሺ ማለት ግን ለእነሱም ለእኛም አንድ ነው፤ በዚያ ተግባባን።

ልማዱ ብዙ ነበር። መዶሻው ከቀበቶው አይለይም። ጠዋት ሲገባ አርማታውን ሁሉ እየዞረ ይነካካል፤ ሰላምታ ነው። አሸዋ በመጣ ቁጥር ጥቂቱን ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር አድርጎ ይንጠዋል፤ ከዚያ ያስቀምጠዋል። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ይዘቅጣል። የጭቃው ንብርብር ከወፈረ ያ አሸዋ ለድልድይ አይሆንም፤ ሲሚንቶው ድንጋዩን እንዳይዝ ያደርገዋል። እኔ አሸዋን በመዳፌ አሽቼ እለይ ነበር። ተወዳደርን፤ አቻ ወጣን። እሱ አሸነፍሁ ይላል።

እሑድ እሑድ ሉዝ ቤት ያስከትለኝ ነበር። ሉዝ የአገሩ ልጅ ናት፤ ነቀምቴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ምላሷ ምላጭ ነው። ዶሮውን በኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት ትቀቅልና ከሩዝ ጋር በእጅ እንበላለን። ከምሳ በኋላ ማይክ ይዘው ይዘፍናሉ፤ ያለ ዘፈን እሑድ አይሆንላቸውም። ጎረቤቷ፣ ጠንካራ ጴንጤ የሆኑ አዛውንት፣ አንድ ቀን አጥር ላይ ብቅ ብለው «ግሩም መዝሙር ነው፤ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?» አሉኝ። «የፊሊፒንስ ነው» አልኋቸው። «ጌታ ይባርካቸው» ብለው ገቡ።

እዚያ ቤት ስለ አገራቸው ብዙ ሰማሁ።

«የእኛ ሹም ድልድዩን ሳይሠራ ስሙን ይሠራል» አለች ሉዝ አንድ እሑድ። «ፎቶው ከድልድዩ ይሰፋል። ሌባ ነው እያልን እናማዋለን፤ ልጃችን ሲጠመቅ ደግሞ የክርስትና አባት ይሁንልን ብለን ደጅ እንጠናለን። ከዚያ ልጁ ያድግና የክርስትና አባቱን ይመርጣል። ሹሙ ሲሞት የገዛ ልጁ ይሾማል፤ ያም ሲጠግብ ሚስቱ ትሾማለች።»

«ስማችን የስፔን፣ ትምህርታችን የአሜሪካ» አለ ሮዴል። «የራሳችን የሆነው ምንድን ነው ሲሉን ደግሞ ሌብነት ነው ይሉናል። እኔ ይህን አልቀበልም። የራሳችን የሆነው ውለታ ነው። በቋንቋችን የውስጥ ዕዳ እንለዋለን፤ በደግ ጊዜ የተደረገልህን እስክትሞት አትረሳም። ድሃ በድሃ ላይ ተደግፎ የኖረው በዚህ ነው። ሌባው ገንዘብ ብቻ መሰላችሁ የሰረቀው? ይህንን ነው የሰረቀው።»

«ታዲያ ማን አስረከበው?» አለች ሉዝ።

ሮዴል ማይኩን አንሥቶ ዘፈን ጀመረ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው።

ድልድዩ ከዲጋ አልፎ ወደ ቆላ በሚወርድ መንገድ ላይ ነበር። የወንዙን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ልጆች አሏቸው። ክረምት ሲገባ ማዶና ማዶ ያለው ሰው ይለያያል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጥታ ከወንዙ ዳር ቆማ ታውቃለች። ሥራ ተቋራጩ ኦላና የአካባቢው ልጅ ነው፤ ሠርቶ አደር፣ ተጫዋች። ሥራውን እንዲያገኝ የረዳው አንድ ሹም ነበር፤ ሹሙ የምረቃውን ቀን ቆርጦ ስሙ የተቀረጸበትን እብነ በረድ አስቀድሞ አስመጥቷል።

በዚህ መካከል ሮዴልን ወባ ጣለው። ኦላና ተሸክሞ እናቱ ቤት አስገባው። እናቱ አዴ ደብሪቱ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው። ሾርባ እያጠጡ፣ ላቡን እየጠረጉ አስታመሙት፤ ልጃቸው ቢሆን ከዚያ በላይ አያደርጉም። እሱም «ሃርሜ» ይላቸው ጀመር፤ በኦሮምኛ እማዬ እንደ ማለት ነው። እኔ በዚያው ሰሞን ለሌላ ሥራ ነቀምቴ ተጠርቼ ነበር።

የመካከሉ ምሰሶ የተሞላው ያን ጊዜ ነው። ዝናብ ነበረ፤ አሸዋው አልታጠበም፤ ሹሙ ቶሎ ቶሎ እያለ ይደውላል። እኔ ብኖር ይህ አይሆንም ነበር። ይህን ስለው ሮዴል «እርስዎ ቢኖሩም እነሱ ይሞሉት ነበር፤ እርስዎን ብቻ ወደ ዳር ያስቀምጡዎት ነበር» አለኝ። ይበል፤ እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ።

ሮዴል ድኖ ወደ ሥራው ስንመለስ ምሰሶው ቆሟል። ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ።

«አበባ አይመስልም?» አለ ኦላና።

«ማን ለሰነው?» አልሁት። አርማታ ሣንቃው ሲነሣለት እንዳለ ነው የሚታየው፤ ልስን አያሻውም።

«ለውበት ነዋ፣ ጋሽ ይመር።»

«ድልድዩ ሙሽራ ነው?»

ሮዴል መዶሻውን አወጣ። ከላይ ጥርት አለ። ወደ ወገቡ ወረደ፤ አጉረመረመ። እኔም መታሁ፤ አጉረመረመ። ልስኑን በመሮ ብንልጠው ውስጡ ጠጠር ብቻ ነው፤ ሲሚንቶው ሸሽቶ እንደ ባዶ ሰፈፍ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። ጣቴ ገባ። የመጀመሪያው ደራሽ ጎርፍ ግንድ ይዞ ቢመታው መንበርከኩ አይቀርም።

ኦላና ሠራተኞቹን አራቀና ሮዴልን ያዘው። እኔ ለማስተርጎም ቀረሁ።

«ኢንጂነር፣ ታመህ የት ነበርክ?»

«በእናትዎ ቤት።»

«ማን አስታመመህ?»

«እናትዎ።»

«እኔ ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ሥራውን ተቀብያለሁ ብለህ ፈርም። ሹሙ ለእኔ ውለታ ውሎልኛል፤ እኔ ለአንተ ውያለሁ። አንተ ደግሞ ለእኔ።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ገመዱ አንገቱ ላይ ነው።

ሮዴል ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እኔን በከንፈሩ ጠቆመኝ፤ ና ማለቱ ነው። ያኔ ነው የነገረኝ።

እሱን ያስተማረው የከተማቸው ከንቲባ ነበር፤ የክርስትና አባቱ። አባቱ ዓሣ አስጋሪ፣ ልጆቹ ብዙ። ከንቲባው ባይኖር ዛሬም መረብ ይጠግን ነበር። መሐንዲስ ሆኖ ሲመለስ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቶ ቆየው። መታው፤ አጉረመረመ። የክርስትና አባቱ ትከሻውን ይዞ «ልጄ፣ ፈርም» አለው። ፈረመ። አውሎ ነፋሱ ሲመጣ ግንቡ ተከፈተ፤ ከሥሩ የነበረው ሰፈር ሄደ። በማግስቱ ከንቲባው ሩዝ አደለ፤ ከረጢቱ ላይ ፎቶው አለ። ሕዝቡ አመሰገነው።

«እኔም ተሰልፌ ተቀበልሁ፣ ኩያ» አለ። «ሩዙን እናቴ ቀቀለችው። በላሁት። ከዚያ ወዲህ አገሬ አልተቀመጥሁም። አሁን እንቢ ብል የሃርሜን ሾርባ የካድሁ ሰው እሆናለሁ። እሺ ብል ያንን ሩዝ ደግሜ መብላቴ ነው።»

እዚህ ላይ የተናገርሁት ቃል የሥራ ዘመኔ ትልቁ ሥራ ነው ብል አላፍርም። «ውለታው የማን ነው?» አልሁት። «የኦላና ነው ወይስ የእናቱ? የውለታውን ባለቤት፣ እናቲቱን ጠይቃት እንጂ።» በወለጋ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ነገር ሲቋጠር ወደ እናት ይኬዳል። እናት መካከል ከገባች የተሳለ ጦርም ይመለሳል።

ሄድን። ኦላናም ተከተለን። አዴ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። ሮዴል ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ያዘና ግንባሩ ላይ አደረገው። በአገሩ ትልቅ ሰውን እንዲህ ነው የሚያከብሩት። እሳቸው ግን ደነገጡ።

«ትኩሳቱ ተመለሰበት እንዴ?» ብለው ግንባሩን በሁለቱም በኩል ደባበሱት። «የለም፤ ቀዝቅዟል። ምን ሆነሃል፣ ኢልማ ኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ በኦሮምኛ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ምሰሶውን፣ ልስኑን፣ የልጃቸውን ልመና፣ የፊሊፒንሱን ግንብ፣ ሩዙንም ጭምር። በቆሎውን አስቀመጡ። ወደ ኦላና ዞሩ።

«ሾርባውን የሠራው ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ፣ ሃርሜ።»

«አንሶላውን ያጠበው?»

«አንቺ።»

«ታዲያ የእኔን ውለታ አንተ ገበያ አውጥተህ የምትሸጠው ማን ሆነህ ነው? ፍየሌን ሳትጠይቀኝ ትሸጣለህ?»

 ሮዴል በተሰባበረ ኦሮምኛው ምን እንዲያደርግላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው።

«እህቴ ማዶ ናት» አሉት። «ክረምት በገባ ቁጥር ሳላያት ከርሜ፣ ሞታለች አለች እያልሁ ነው የምኖረው። በዚያ ድልድይ በእግሬ ሳልፍ እንዳልፈራ አድርግልኝ። ሌላ አልፈልግም፤ በዚህ ውለታዬን ከፈልህ።» ከዚያ ለልጃቸው፤ «አንተም አፍርሰው።»

«ሹሙስ?» አለ ኦላና ቀስ ብሎ።

«እሱም እናት አለችው። ቤቷን አሳየኝ፤ እሄዳለሁ።»

መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ ወሬው ቀድሟቸው ሄደ። የምረቃው ድንኳን ሳይተከል ቀረ። ምሰሶው ሲፈርስ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳም፤ እንኳን ጎርፍን፣ ድጅኖንም መቋቋም አልቻለም። ኦላና እንደገና የሚጀምርበት አቅም አልነበረውም። ሮዴል ይህን ሲሰማ በአገሩ ቤት ሲዛወር የሚደረገውን ነገረን። የቀርከሃ ቤት ነው፤ መንደሩ ተሰብስቦ ከነጣሪያው በትከሻው ተሸክሞ ወደ አዲሱ ቦታ ያደርሰዋል። ባያኒሃን ይሉታል። አዴ ደብሪቱ ሰምተው ሲያበቁ «ደቦ ነው እንዴ! ይህን ለመንገር ነው እስካሁን ያደከመን?» አሉ።

ማዶና ማዶ ያለው ሰው ወጣ። ሴቶቹ ከላይኛው ጅረት አሸዋ አጠቡ፤ ጠርሙሱን እየናጡ ራሳቸው ይፈርዱ ጀመር። «ሚቲ!» እየተባለ ስንት ጭነት ተደፋ! ወንዶቹ ጠጠር አመላለሱ፣ ኦላና ከሁሉም በላይ ተሸከመ። ምሰሶው ከተሞላ በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሰን እንደ አራስ ጠበቅነው፤ አርማታ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ጆንያው ሲነሣ ልስን አልፈለገም። መታሁት። መዶሻው ተመልሶ እጄን ነዘረኝ።

ሹሙም መጣ። ተቆጥቶ ነው የመጣው፤ ሕዝቡን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። ስለ ደቦ ረጅም ንግግር አደረገና ከአሸዋ አጣቢዎቹ መካከል ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ይህን ለሉዝ ብነግራት እስኪያስላት ሳቀች። «እንግዲያው እሱ ፊሊፒኖ ነው!» አለች። እብነ በረዱ አልተሰቀለም። ፊቱን ወደ ታች አድርገው ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡበታል ይባላል። መጀመሪያ የተሻገሩት አዴ ደብሪቱ ናቸው፤ መካከሉ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው በዱላቸው መቱትና ወደ እኛ ዞረው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

ሮዴል ውሉ ሲያልቅ ሌላ አገር ሥራ ተሰጥቶት ነበር፤ አልወሰደውም። አገሩ ገባ። ስንለያይ መዶሻ ተለዋወጥን። የእኔ ይበልጣል፤ ግን ሰጠሁት። ከተማው ሲደርስ ብዙ ሰው ፊቱን አዞረበት፤ እሱም አልሸሸም። በአደባባይ ቆሞ ፈርሜአለሁ አለ። የክርስትና አባቱ ሞቶ ልጁ ከንቲባ ሆኗል፤ ሉዝ ያለችው አልቀረም። ግንቡ ግን እንደገና እየተሠራ ነው። ሮዴል የሰፈሩን ሰዎች፣ ዓሣ ሻጮቹን፣ መምህራኑን፣ ግንቡ ተከፍቶ ሰው የወሰደባቸውን ቤተሰቦች ሰብስቦ በመዶሻ ማዳመጥ ያስተምራቸዋል። ሳይሰሙት ማንም እንዳይፈርም ተማምለዋል፤ መጀመሪያ የተባረሩበት ቀን ነበር፣ አሁን በር ይከፈትላቸዋል።

በቅርቡ ደወለ። በስልኩ ውስጥ ባሕሩ ይጮኻል፤ ብዙ ሰው ይንጫጫል።

«ኩያ ይመር፣ ያ የወደቀው ቦታ ላይ ቆመናል። እዚህ ቦታ ላይ ጆሮዬ ይፈራል። እርስዎ ያዳምጡልኝ።»

ባለቤቴን ሬዲዮኑን ዝጊ አልኋት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅሁ። መታ። ጥርት አለ። እንደገና መታ፤ ጥርት አለ። «ሞልቷል» አልሁት። «ቀጥል።» ሞልቷል። ሞልቷል። የሚተነፍሰው ይሰማኛል። «ወደ ታች ውረድ፤ ከመሬቱ ጋር ከተገናኘበት» አልሁት፤ የሚሰርቅ ሰው እዚያ ነው የሚሰርቀው። ወረደ። መታ።

አጉረመረመ።

አፌን ልከፍት ነው፤ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ልናገር ነበር። ከባሕሩ ማዶ፣ ወለጋን በካርታ እንኳ የማያውቁ ሴቶችና ወንዶች፣ በአንድ ድምፅ «ሚቲ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ድጅኖ ሲያርፍ ሰማሁ።

ሰው ቀድሞኝ ደስ ያለኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።